የኮምፒዩተር ትምህርት፦ የኤፒአይ ጥያቄዎችን በአንድነት አስኪዶ መፈተሽ

ፕሮግራም መጻፍ ከጀመሩት ወጣቶች መካከል አንዳንዶቹ «ጽፈነዋል፣ ይሠራልም፤ ነገ ስንለውጠው እንዳይበላሽ ግን በምን እናውቃለን?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው የራሳችንም ጥያቄ ስለሆነ በዚህ እትም ሰፋ አድርገን ልንመልሰው ወደናል። የምንጀምረው ግን ከራሳችን ስሕተት ነው።

የጥናት ቡድናችን አባላት በካኩማ ላለች አንዲት ባለሱቅ እናት የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርተን ሰጥተን ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሱቋ የደንበኛውን ስልክ ቁጥርና የዕቃውን ዋጋ ታስገባለች፤ በደንበኛው ስልክ ላይ የኤም-ፔሳ የክፍያ ጥያቄ ብቅ ይላል፤ ደንበኛው የምሥጢር ቁጥሩን ሲያስገባ በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ «ተከፍሏል» የሚል ጽሑፍ በአረንጓዴ ይታያል። አንድ ሳምንት ሙሉ በራሳችን ስልክ ሞከርነው። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ሥራ ላይ በዋለ በሦስተኛው ቀን ማታ ባለሱቋ ሒሳቧን ስታመሳክር በኮምፒዩተሩ «ተከፍሏል» ከተባሉት ሽያጮች መካከል የአራቱ ገንዘብ አልገባም። ዱቄቱ፣ ዘይቱና ስኳሩ ሄዷል። ሁለቱ ደንበኞች ሲነገራቸው መጥተው ከፈሉ፤ ሁለቱን ማን እንደሆኑ እንኳ የሚያውቅ አልተገኘም። ጉድለቱን ከመዋጮአችን ሞላንላት።

ባለሱቋ ያለችን ግን ከገንዘቡ ይልቅ ከንክኖናል። «ልጆቼ፣ እናንተ ስትሞክሩት ሁልጊዜ ትከፍሉ ነበር። የማይከፍል ሰው አልመጣባችሁም እንዴ?» አለች። በእርግጥም አልመጣብንም። የመጣው ሁሉ እኛው ነበርን።

ስሕተቱ የት እንደነበረ ለመረዳት ኤፒአይ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንመልከት። ኤፒአይ አንድ ፕሮግራም ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚከፍተው መስኮት ነው። በመታደያው መስኮት ፊት የቆመ ሰው ካርዱን ያስገባል፣ ከውስጥ መልስ ይሰጠዋል፤ ከመስኮቱ ወዲያ መዝገቡን ማን እንደሚያገላብጥ ግን አያይም። ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ጥያቄ ይልካል፣ ሌላው መልስ ይሰጣል። ከመልሱ ጋር ባለ ሦስት አሐዝ ቁጥር ይመጣል፤ 200 ከሆነ ጥያቄው በደህና ተስተናግዷል፣ 201 ከሆነ አዲስ ነገር ተመዝግቧል፣ 401 ከሆነ ጠያቂው ማንነቱን በተገቢው መንገድ አላሳየም፣ 404 ከሆነ የተጠየቀው ነገር የለም፣ 500 ከሆነ ደግሞ በመስኮቱ ወዲያ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳን በኬንያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የከፈተው መስኮት «ዳራጃ» ይባላል፤ በስዋሂሊ ድልድይ ማለት ነው። በዚህ መስኮት በኩል ከደንበኛ ስልክ ላይ ክፍያ ለመጠየቅ በቅደም ተከተል የሚሄዱ ደረጃዎች አሉ። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ በተሰጠው ቁልፍ አማካይነት ጊዜያዊ መለያ ይጠይቃል። ይህ መለያ የሚያገለግለው ለ3599 ሴኮንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ሊሞላ አንድ ሴኮንድ እስኪቀር ድረስ ነው። ቀጥሎ በዚያ መለያ የክፍያውን ጥያቄ ይልካል። ለዚህ የሚመጣው መልስ የጥያቄውን መለያ ቁጥርና የመልስ ኮድ ይይዛል፤ ኮዱ ዜሮ ከሆነ ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል። በመጨረሻም ደንበኛው በስልኩ ላይ የሚያደርገውን ካደረገ በኋላ፣ ኤም-ፔሳ ራሱ ወደ እኛ ፕሮግራም አድራሻ የውጤት መልእክት ይልካል።

እንግዲህ ጥፋታችን እዚህ ላይ ነበር። የክፍያው ጥያቄ እንደተላከ የሚመጣው ዜሮ «ጥያቄህን ተቀብለናል፣ እየሠራንበት ነው» ማለት ብቻ ነው። ስለ ገንዘቡ የሚናገረው ዘግይቶ የሚመጣው የውጤት መልእክት ነው። በዚያም መልእክት ውስጥ ዜሮ ማለት ተከፍሏል፣ 1 ማለት ሒሳቡ አልበቃም፣ 1032 ማለት ደንበኛው ጥያቄውን ሰርዞታል፣ 1037 ማለት ስልኩ አልተገኘም ወይም ጊዜው አልፏል ማለት ነው። እኛ የመጀመሪያውን ዜሮ ስናይ «ተከፍሏል» ብለን ጻፍን። ሁልጊዜ የምንከፍል ሞካሪዎች ስለነበርን ሁለቱ ዜሮዎች ልዩነት እንዳላቸው የሚያሳየን ነገር አልነበረም።

ይህን ካወቅን በኋላ ፕሮግራሙን ማረም የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆነ። አስቸጋሪው መፈተሹ ነበር። አንድ ለውጥ ባደረግን ቁጥር አንድ ጊዜ ከፍለን፣ አንድ ጊዜ ሰርዘን፣ አንድ ጊዜ ባዶ ሒሳብ ባለው ስልክ ሞክረን፣ አንድ ጊዜ ስልኩን አጥፍተን ልንፈትሽ ነው? ሁለት ቀን እንዲህ አደረግን፤ በሦስተኛው ቀን ሰለቸንና «ትንሽ ለውጥ ናት» እያልን ማለፍ ጀመርን። በእጅ የሚደረግ ፍተሻ መጨረሻው ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

መፍትሔው ጥያቄዎቹን አንድ ጊዜ ጽፎ፣ በተራ አሰልፎና ከእያንዳንዳቸው ጋር የሚጠበቀውን መልስ አብሮ አስቀምጦ፣ በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ማስኬድ ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች በሰፊው የሚታወቀው ፖስትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አብሂናቭ አስታና የተባለ ሕንዳዊ የፕሮግራም ባለሙያ ለክሮም ማሰሻ ተጨማሪ አድርጎ የጀመረው ሲሆን፣ ኋላ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሆኗል። በፖስትማን ውስጥ በአንድነት የተሰበሰቡ ጥያቄዎች «ኮሌክሽን» ይባላሉ፤ እኛ ስብስብ እንላቸዋለን። ስብስቡ ሲካሄድ ጥያቄዎቹ ከላይ ወደ ታች በተጻፉበት ተራ ይሄዳሉ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የትእዛዝ ቃላት በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ያቀረብነው አነባበባቸውን ነው።)

ስብስባችንን ያቋቋምነው በዳራጃ ላይ ሳይሆን በራሳችን ፕሮግራም ላይ ነው። ይህን በጥንቃቄ እንድትመለከቱት እንፈልጋለን። መፈተሽ የምንፈልገው ኤም-ፔሳ መሥራት አለመሥራቱን አይደለም፤ ኤም-ፔሳ «ተሰርዟል» ሲለን እኛ ምን እንደምናደርግ ነው። ስለዚህ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ኤም-ፔሳን የሚተካ ትንሽ ፕሮግራም አስቀመጥን። የክፍያ ጥያቄ ሲደርሰው እንደ እውነተኛው «ተቀብለናል» ብሎ ዜሮና የመለያ ቁጥር ይመልሳል፤ ሌላ ምንም አያደርግም። ሁሉም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚያልቅ ለኢንተርኔት የሚወጣ አንድ ሺሊንግ እንኳ የለም። የዳታ ዋጋ ለሚያሳስበን ሁሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጥያቄዎቹ ተራ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የ350 ሺሊንግ ሽያጭ ይከፈታል፤ መልሱ 201 መሆን አለበት። ሁለተኛው ጥያቄ ያንኑ ሽያጭ መልሶ ያነባል፤ ሁኔታው «በመጠበቅ ላይ» እንጂ «ተከፍሏል» መሆን የለበትም። (ይህች አንዲት ፍተሻ ቀድማ ብትኖረን ኖሮ የባለሱቋ ዱቄት አይሄድም ነበር።) ሦስተኛው፣ ኤም-ፔሳ እንደሚልከው አድርጎ የውጤት መልእክት ወደ ፕሮግራማችን ይልካል። አራተኛው ሽያጩን እንደገና ያነባል፤ ሁኔታው ከውጤቱ ጋር መስማማት አለበት። አምስተኛው ያንኑ የውጤት መልእክት ለሁለተኛ ጊዜ ይልካል፤ በመረብ መቆራረጥ ምክንያት አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ለማየት ነው። ስድስተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ያነባል፤ በሽያጩ ላይ የተመዘገበው ደረሰኝ ከአንድ መብለጥ የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ በመጀመሪያው የተፈጠረውን የሽያጭ ቁጥር እንዴት ያውቃል ትሉ ይሆናል። በፖስትማን ውስጥ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር መልሱ እንደመጣ የሚሠራ አጭር ጽሑፍ ይያያዛል። የሚጻፈው በጃቫስክሪፕት ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ «የመልሱ ቁጥር 201 ነውን?»፣ «ሁኔታው በመጠበቅ ላይ ነውን?» እያለ ይፈትሻል። ሁለተኛ፣ ከመልሱ ውስጥ የሚያስፈልገውን ነጥሎ ስም ባለው ማስቀመጫ ውስጥ ያኖራል። ቀጣዩ ጥያቄ የዚያን ማስቀመጫ ስም በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ከጻፈ፣ ፖስትማን በስሙ ቦታ ዋጋውን ይተካዋል። የሰርቨሩንም አድራሻ በዚሁ መንገድ አስቀምጡት፤ ከቤት ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ስትዛወሩ የምትለውጡት አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ቀን የወሰደብንን ነገር እንንገራችሁ። ክፍያ ሲጠየቅ በሚመጣው መልስ ውስጥ ያለው ዜሮ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የተጻፈ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ፊደል እንጂ ቁጥር አይደለም። በውጤት መልእክቱ ውስጥ ያለው ዜሮ ግን ጥቅስ የሌለው ቁጥር ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፤ በጥብቅ ለሚያነጻጽር ፍተሻ ግን ለየቅል ናቸው። እንዲሁም ክፍያው ሲሳካ የሚመጣው መልእክት የገንዘቡን መጠን፣ የደረሰኙን ቁጥርና ቀኑን የያዘ ክፍል አለው፤ ሳይሳካ ሲቀር ይህ ክፍል ከነአካቴው አይኖርም። የእኛ ፕሮግራም ክፍሉን በፈለገ ጊዜ አጥቶት ወደቀና 500 መለሰ። የምትክ ፕሮግራማችሁ የሚልከው መልእክት ከእውነተኛው ጋር በቅርጽ ካልተስማማ እንዲህ ያለውን አታገኙትም። ስለዚህ ናሙናውን ከዳራጃ ሰነድ ላይ እንዳለ ገልብጡ፤ ከማስታወስ አትጻፉ።

ቀጥሎ አራቱን ውጤቶች ማዳረስ ነበረብን። ስድስቱን ጥያቄዎች አራት ጊዜ መገልበጥ አያስፈልግም። አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ በሲኤስቪ ፋይል ይዘጋጃል፤ በአንዱ ዓምድ የውጤቱ ኮድ፣ በሌላው የሚጠበቀው ሁኔታ ይጻፋል። በ0 ትይዩ «ተከፍሏል»፤ በ1፣ በ1032 እና በ1037 ትይዩ «አልተከፈለም»። ስብስቡ ለእያንዳንዱ ረድፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሄዳል፤ በድምሩ 24 ጥያቄ ማለት ነው። የማይከፍለው ሰው አሁን በየጊዜው ሦስት ጊዜ ይመጣል።

ይህን በፖስትማን መስኮት ውስጥ ማስኬድ ይቻላል። ነገር ግን ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 በነጻ ለሚጠቀሙ ሰዎች በመስኮቱ ውስጥ ስብስብ የሚያስኬዱበትን ጊዜ በወር በቁጥር ወስኖ ስለነበር፣ እኛ ወደ ኒውማን ዞረናል። ኒውማን የፖስትማንን ስብስብ ያለ መስኮት፣ በትእዛዝ መስመር ላይ የሚያስኬድ ነጻና ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ኖድ ጄኤስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ በኤንፒኤም አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ለመሥራት ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስብስቡ ከፖስትማን እንደ ጄሰን ፋይል ይወጣል፤ ከዚያም «ኒውማን ረን» ብሎ የፋይሉን ስም መጻፍ፣ ሰንጠረዡን ደግሞ ከ«ሰረዝ ዲ» በኋላ ማስከተል ይበቃል። ያረጀው ኮምፒዩተራችን እንኳ ሃያ አራቱን ጥያቄዎች በጥቂት ሴኮንዶች ይጨርሳቸዋል።

የኒውማን ትልቁ ጥቅም ግን ሲያበቃ ለኮምፒዩተሩ ትቶት የሚወጣው ቁጥር ነው። ፍተሻዎቹ ሁሉ ካለፉ ዜሮ፣ አንዱም ከወደቀ ሌላ ቁጥር ይተዋል። በመሆኑም አዲሱን ፕሮግራም ወደ ሱቁ የሚያሻግረው ትእዛዝ በመጀመሪያ ኒውማንን እንዲያስኬድና ዜሮ ካላገኘ እንዲቆም አድርገነዋል። ደክሞን «ትንሽ ለውጥ ናት» ብንልም ኮምፒዩተሩ አይሰማንም።

ቀይ መስመር ሲበዛባችሁ አትደናገጡ። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ የመጀመሪያው ከወደቀ ሽያጩ አይፈጠርም፤ ሽያጭ ከሌለ ደግሞ የሚከተሉት ሁሉ ይወድቃሉ። ስድስት ቀይ አይታችሁ ስድስት ስሕተት አትፈልጉ፤ የላይኛውን ብቻ አንብቡ። ከትእዛዙ ጋር «ቤይል» የሚለውን ቃል ከጨመራችሁ ኒውማን በመጀመሪያው ስሕተት ላይ ይቆማል።

የበለጠ የሚያስፈራው ግን የማይገባው አረንጓዴ ነው። ፍተሻ ያልተጻፈለት ጥያቄ 500 ቢመለስለት እንኳ ኒውማን «ወደቀ» አይልም፤ ምን እንደሚጠበቅ አልተነገረውምና። የመልሱን ቁጥር ብቻ የሚያይ ፍተሻም እምብዛም አይሻልም፤ የእኛ የተበላሸው ፕሮግራም ሁልጊዜ 200 ይመልስ ነበር። ስለዚህ አንድ ፍተሻ በጻፍን ቁጥር ፕሮግራሙን ሆን ብለን እናበላሻለን። ለምሳሌ የውጤት ኮዱን ሳያይ «ተከፍሏል» እንዲል እናደርገዋለን። ፍተሻው ከቀላ ይጠቅማል፤ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ፍተሻ አይደለም።

ይህን ልማድ ከያዝን በኋላ ከቡድናችን አንዷ እህት ያነሣችው ጥያቄ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። «ሦስተኛው ጥያቄ ከኤም-ፔሳ ሳይሆን ከእኛ የተላከ የውጤት መልእክት ነው። ፕሮግራማችን አምኖ 'ተከፍሏል' ይላል። ታዲያ አድራሻውን ያወቀ ሌላ ሰው ቢልክስ?» አለች። እውነቷን ነው። ፍተሻችን ያለፈበት በር ለሌባም ክፍት ነበር። አሁን ፕሮግራሙ የውጤት መልእክት ሲደርሰው ወዲያው አያምንም፤ በክፍያው መለያ ቁጥር መልሶ ይጠይቃል። ዳራጃ ለዚህ የተለየ ጥያቄ አለው። ከሁለቱም ወገን የተከፈለ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ «ተከፍሏል» ይጻፋል። በስብስቡም ላይ ሰባተኛ ጥያቄ ከፊት ጨመርን፤ ምትኩ ፕሮግራም መልሶ ሲጠየቅ ምን እንደሚል አስቀድሞ ይነግረዋል። በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድና አምስተኛ ረድፍ ገባ። በዚህ ረድፍ መልእክቱ 0 ይላል፣ ምትኩ ሲጠየቅ ግን 1032 ይላል፤ የሚጠበቀውም «አልተከፈለም» ነው። ሰባት በአምስት 35 ጥያቄ ሆነ።

የዳራጃን እውነተኛ መልስ ጨርሶ ሳናይ አንቀርም። ሳፋሪኮም ለልምምድ ያዘጋጀው ሰርቨር አለ፤ መለያ መቀበልና የክፍያ ጥያቄ መላክ በዚያ ይሞከራል። እነዚህን በተለየ ስብስብ አድርገናቸዋል፤ የምናስኬዳቸውም ኢንተርኔት ሲኖር አልፎ አልፎ ነው። እዚያ ላይ መለያ የሚጠይቀው ጥያቄ ምንጊዜም በተራው መጀመሪያ ይሁን፤ ትናንት ያስቀመጣችሁት መለያ ዛሬ አይሠራም።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር እንጨምር። የስብስብ ፋይል በስልክ ለጓደኛ የሚላክ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ቁልፍ በውስጡ ከቀረ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል። ከመላካችሁ በፊት ፋይሉን ከፍታችሁ እዩ። ቁልፉን ለብቻው በሌላ ፋይል አኑሩት። ለፍተሻ ሰንጠረዥ የጎረቤትን እውነተኛ ስም፣ ስልክ ወይም የመታወቂያ ካርድ ቁጥር መጠቀም ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ በዚህ ሠፈር አንድ ቁጥር ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለናንተ አንነግርም። ፍተሻውንም ሱቁ በሚሠራበት መዝገብ ላይ አታስኪዱ፤ አለበለዚያ ባለሱቋ ማታ ሒሳብ ስትዘጋ አምስት የ350 ሺሊንግ ሽያጭ ያለ ዕቃ ታገኛለች።

የመለማመጃ ጥያቄ ለአንባብያን፦ ደንበኛው የ350 ሺሊንግ ዕቃ ገዝቶ፣ የውጤት መልእክቱ በ0 ሲመጣ በውስጡ ያለው የገንዘብ መጠን 35 ሺሊንግ ቢሆንስ? አሁን ያሉን ሠላሳ አምስት ጥያቄዎች ይህን አይዙትም። በሰንጠረዡ ላይ ምን ዓምድ እንደምትጨምሩ፣ የሽያጩም ሁኔታ ምን መባል እንዳለበት ጽፋችሁ ላኩልን። ባለሱቋን ጠይቀናት የራሷን መልስ ሰጥታናለች፤ ከናንተ መልሶች ጋር በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።